ከገዳሪፍ የመጣው መብራት

ባለፈው ጥቅምት የጎረቤታችን ልጅ ስትዳር ከድንኳኑ ጀርባ ጄኔሬተር ቆመ። መብራት ነበረ፤ ግን የሙሽራው ወገኖች «መሀል ላይ ቢቋረጥስ? ዘፈን የተቆረጠበት ሠርግ ለቅሶ ነው» ብለው ከገንዳ ውሃ ከተማ ተከራይተው አመጡ። ለሙከራ ሲያስነሱት አንዴ ሳለ፣ ጥቁር ጭሱን ተፋ፣ ናፍታውም ሸተተኝ። ሌላው እንግዳ አፍንጫውን በነጠላው ጫፍ ይዞ ሲሸሽ እኔ ሽታውን ተከትዬ ወደ ማሽኑ ሄድኩ። ባለቤቴ ደሴ አየኝና «የሰው ሚስት ሽቶ ትወዳለች፤ የኔዋ ናፍታ!» ብሎ በሰው ፊት አሳቀብኝ። ይሳቅ። እሱም ያገኘኝ እዚያው ናፍታ ውስጥ ነው።

መተማ ዮሐንስ ስመደብ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። እናቴ አዘዞ ላይ ሻንጣዬን ይዛ «ከስንት አገር ንዳድ አገር ይመድቡሽ?» ብላ አለቀሰች። ሙያዬን ስታስበው ደግሞ ልቅሶዋ ባሰ፤ ሴት ልጅ የኤሌክትሪክ ቴክኒሻን ሆና ቱታ ለብሳ ስትሄድ የሰፈሩ ሰው አላየም ነበር። በጭነት መኪና ጋቢና ነው የወረድኩት። ከአይከል በታች ያለውን ቁልቁለት ስንጨርስ አየሩ ተለወጠ፤ ሹፌሩ መስኮቱን አወረደና «እንግዲህ እቴ፣ ከዚህ ወዲያ ሹራብሽን እርሽው» አለኝ። ሹራቤን እስከ ዛሬ አልለበስኩትም። መተማ ስደርስ መንገዱ የሚንቀለቀል አቧራ፣ ከዳር እስከ ዳር የሰሊጥ ጆንያ፣ ነጭ ጀላቢያ የለበሱ ነጋዴዎች፣ በቀለም በቀለሙ ቶብ የተጠቀለሉ ሴቶች። ቶብ ማለት ያ ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠመው ስስ የሱዳን ልብስ ነው። የደጋ ሴቶችም እዚያ ጥቂት ከቆዩ በኋላ ይለምዱታል። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት የብርቱካን ቀለም ያለው ነበር፤ ስለብሰው የጄኔሬተሩ ዘበኛ «እሳት ተነሣ!» ይለኝ ነበር። ሻይ በስሙኒ ነው፤ ስኳሩ ግን እስከ ብርጭቆው ወገብ። ወደ ሱዳን ከሚያሻግረው ድልድይ በስተግራ ያለችው ማዕዘን ላይ ሁለት የካሴት ቤቶች ፊት ለፊት ተቃቅረው ቆመዋል፤ አንዱ ማሲንቆ ይለቃል፣ ሌላው የሱዳን ዑድ። መሀል መንገድ ላይ ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የወረዱት ሠራተኞች ይቆሙና በዑዱ ምት እስክስታ ይመታሉ። እንዲህ ያለ ጨዋታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ዛሬ በዚያች ማዕዘን ላይ የስልክ ካርድና የባጃጅ ጎማ ይሸጥባታል።

የከተማው መብራት አንድ ጄኔሬተር ነበር። ሲመሽ እናስነሳዋለን፣ እራት ተበልቶ ሰው ወሬውን ሳይጨርስ እናጠፋዋለን። ከማጥፋታችን በፊት ብልጭ ድርግም አድርገን እናስጠነቅቃለን፤ ያን ጊዜ የከተማው ሴቶች ሁሉ ባንድ ድምፅ «ኧረ ትንሽ ታገሡ!» ብለው ሲጮኹ ማሽን ቤታችን ድረስ ይሰማል። ማቀዝቀዣ የለም። በረዶ የሚመጣው ድንበር ማዶ ካለችው የሱዳን ከተማ፣ ከገዳሪፍ ነው፤ በጭድና በጆንያ ተጠቅልሎ በጭነት መኪና ይጓዝና እኛ ዘንድ ሲደርስ ግማሹ ውሃ ሆኖ መንገድ ላይ ቀርቷል። የቀረችውን ፍልጥ በመዶሻ እየሰበሩ ይሸጣሉ። አንዲት ቁራጭ በጨርቅ ይዘን፣ እነሱ አንገረብ በሚሉት በገመድ በተጠለፈ አልጋ ላይ ደጅ ተጋድመን ግንባራችን ላይ ስናዞራት ንግሥና ይመስለን ነበር።

ደሴ የትራክተር መካኒክ ነው። ለእርሻ ባለሀብቶቹ ትራክተር ማጣሪያ ሲጠፋ ከኛ ሊበደር መጣ፤ እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ፣ የኔም እንደዚያው። «እጅሽን አልጨብጥም፣ ትቆሽሻለሽ» አለኝ። «ማን ማንን እንደሚያቆሽሽ አይተን ነው» አልኩት። ተጋባን። ልጅ ግን እምቢ አለ። ዓመታት ሄዱ፤ ጸበሉም ሐኪሙም ተሞከረ። እናቴ ስትሞት እንኳ «ወይ ታንጉት፣ ያንን የናፍታ ጭስ ባትጠጪ ኖሮ» እያለች ነው። በኋላ በኋላ ተውነው። ከደሴ ጋር ስለ ልጅ የምናወራው የሌላ ሰው ልጅ ሲያልፍ ብቻ ሆነ።

ከዚያ የመብራቱ መስመር መጣ። ትላልቆቹ የብረት ምሰሶዎች ከጎንደር ተነሥተው ቁልቁለቱን ወርደው ሜዳችን ላይ ተሰለፉ፤ እኛን አልፈውም ድንበሩን ተሻግረው ወደ ገዳሪፍ ሄዱ። ጄኔሬተሩ ተዘጋ፤ እኔም ወደ ማከፋፈያ ጣቢያው ተዛወርኩ። ናፍታ ሽታ ቀረና በምትኩ ሌት ከቀን የማያቋርጥ እምምም የሚል የትራንስፎርመር ድምፅ ሆነ። የነገሩ ብልሃት ቀላል ነው። ኤሌክትሪክ እንደ ሰሊጥ በጆንያ ሞልተው ዋጋ እስኪወደድ የሚያስቀምጡት ነገር አይደለም፤ በተመረተባት ቅጽበት የሚጠቀምበት ይፈልጋል። እኛ ጋ ክረምት ገብቶ ግድቦቹ ሲሞሉ ይተርፋል፤ እነሱ ጋ ሙቀቱ ሲበረታ ይጎድላል። እነሱ በነዳጅ የሚያመርቱት ደግሞ እኛ ሲጎድልብን ሊደርስልን ይችላል። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ላይ እሳት እንደሚዋዋሱት ማለት ነው። ለዚህ ነገር ጎንደር ላይ ስብሰባ ተደርጎ ከብዙ አገር የመጡ ባለሙያዎች አስተማሩን። ዋናው ትምህርታቸው ስለ ተለዋዋጭነት ነበር፤ የአንድ አገር መረብ ደርቆ ከቆመ ይሰበራል፣ እንደ ሁኔታው መስጠትና መቀበል፣ መጨመርና መቀነስ የሚችል መሆን አለበት አሉን። እኔ በልቤ «ይሄማ ትዳር ነው» አልኩ። ለሻይ ስንወጣ ከሩቅ አገር ለመጣች አንዲት መሐንዲስ በአስተርጓሚ ነገርኳት፤ ሳቀችና ለባሏ ልትደውል ሄደች።

ከሱዳኖቹ ብዙዎቹ ለስብሰባው መጥተው ነበር፤ የገዳሪፍ ጣቢያው ቴክኒሻን ሐሰን ግን አልመጣም። አንድ ሰው ተረኛ ሆኖ ገዳሪፍ መቅረት ነበረበት፤ የቀረው እሱ ነው። ስለዚህ ሐሰንን ለረጅም ጊዜ የማውቀው በድምፁ ብቻ ነው። በየቀኑ እንደዋወላለን፤ ስንት እንደምንልክ፣ ስንት እንደሚቀበሉ፣ መስመሩ እንዴት እንዳደረ። ድምፁ ወፍራም፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ዓይነት ነው። በሐሳቤ እንደ ዋርካ ግዙፍ፣ ባለ ትልቅ ሆድ፣ ነጭ ጺም ያለው ሰው አድርጌ ሥዬዋለሁ። እኔ አረብኛውን የለቀምኩት ከገበያ ነው፤ እሱም አማርኛውን ገዳሪፍ ከሚሠሩ ከኛ ሰዎች። ስሜን ማስተካከል ከቶ አልቻለም፤ «ታንጉድ» ነው የሚለኝ። ብዙ ጊዜ ግን «ያ ኡኽቲ» ይለኛል፤ እህቴ ሆይ ማለት ነው።

በመጀመሪያው ሰሞን ጠባችን በሰዓት ነበር። አንድ ቀን «ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ትጨምሩልናላችሁ፣ ታማም?» አለኝ። «ታማም» አልኩት፤ ደህና ነው ማለቴ ነው። በማግሥቱ ገና ጠዋት፣ እጄን እንኳ ሳልታጠብ ስልኩ ጮኸ።

«ያ ኡኽቲ! ስምንት ሆነ፣ የታለ?»

«ምን ስምንት? ሁለት ሰዓት ነው እኮ!»

«ሁለት? ሁለት ሰዓትማ ከምሳ በኋላ ነው!»

«ከምሳ በኋላማ ስምንት ነው!»

ሁለታችንም ልክ ነበርን። እነሱ ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ይቆጥራሉ፣ እኛ ከፀሐይ መውጣት። ጋሽ ባዬ፣ የጣቢያው ኃላፊያችን፣ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወንበሩን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲያ በሰዓት መቅጠር ቀረና በሶላታቸው መቀጣጠር ጀመርን፤ ከቀትሩ ሶላት ከዙሁር በፊት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ካለው ከመግሪብ በኋላ እያልን። አስር የሚሉት የከሰዓት በኋላ ሶላታቸው ደግሞ በእኛም ቆጠራ አሥር ሰዓት ግድም ላይ ይውላል። «አስር ላይ» ሲለኝ «አሥር ላይ» እለዋለሁ፤ በሁለት ቋንቋ አንድ ነገር መሆኑን ያወቅን ቀን እንደ ልጅ ተደሰትን። እሱም «ሠርክ» ማለትን ከኔ ለመደ።

አርባን ተሻግሬ፣ ነገሩን ከረሳሁት በኋላ፣ አረገዝኩ። ደሴ ስነግረው ትራክተር ሥር ተኝቶ ነበር፤ በድንጋጤ ሲነሣ ግንባሩን በብረቱ መታው። ጠባሳዋ አሁንም አለች፤ «የአባትነት ማኅተም» ይላታል።

ሆዴ ገፋ ባለበት፣ ዝናቡ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ምድሩ እንደ ምድጃ በሚግልበት ሰሞን ሐሰን አንድ ቀን ቀትር ላይ ደወለ። ድምፁ እንደ ሌላው ቀን አይደለም። የረመዳን ጾማቸው ነበር። ከማሽኖቻቸው አንዱ ተበላሽቶ ኤሌክትሪኩ ቀንሷል፣ የውሃ ፓምፖቹ ቆመዋል፣ ሆስፒታሉም በግማሽ ነው የሚሠራው። «ሰው ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጣ ዋለ፤ መግሪብ ሲደርስም የሚጠጣው ሊያጣ ነው። ትንሽ ጨምሩልን፣ ያ ኡኽቲ» አለኝ። አዲስ አበባ ወዳለው መቆጣጠሪያ ደወልን። መስመሩ የሚችለውን ያህል ተሸክሟል፣ እኛ ራሳችን የምንጠቀመውን ከቀነስን ግን የተረፈው ወደነሱ ሊያልፍ ይችላል አሉን። መቀነስ ማለት ወፍጮዎቹን፣ የሰሊጥ ማበጠሪያዎቹን፣ የበረዶ ቤቶቹን ማቆም ነው። ጋሽ ባዬ «ከዚሁ ሆነን ልንቆርጠው ሥልጣኑ አለን» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞር ብሎ «ግን ለሰው ሳይነግሩ መቁረጥ ደስ አይልም። ሂጂና ጠይቂልኝ፣ አንቺን ይሰሙሻል» አለኝ።

በባጃጅ ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት እትዬ ዘነቡ ዘንድ ነው። እትዬ ዘነቡ የመተማ ትልቋ የበረዶ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ቁጣቸውን ያልቀመሰ ነጋዴ የለም። እሳቸው እሺ ካሉ ከተማው እሺ አለ ማለት ነው። ያን ቀን ደግሞ ለማታው የጾም መፍቻ ከድልድዩ ወዲህም ወዲያም የታዘዘ በረዶ ሲያረጉ ነበር የደረስኩት።

«እትዬ፣ ለከሰዓት በኋላው ማሽንዎን እንዲያጠፉልኝ ልለምንዎ መጥቼ ነው።»

«ምን አልሽ? ያ ሁሉ ውሃ ሳይረጋ ሊቀር?»

ነገርኳቸው። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። ከዚያ ሆዴን አዩና «በዚህ ፀሐይ፣ በዚህ ሆድሽ ለዚህ መጣሽ?» አሉ። ወንበር አስመጡልኝ። ወደ ማሽኑም ዞሩ።

«ታንጉት፣ ድሮ በረዶ ስንበላ ከማን ነበር የምንበላው?»

«ከገዳሪፍ።»

«ንዳድ ይዞኝ ሞትኩ ስል ግንባሬ ላይ ያኖሩልኝ የማንን በረዶ ነበር?»

«የነሱን ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ!» ብለው ተነሥተው ማጥፊያውን በገዛ እጃቸው አወረዱት። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ከኔ ቀድመው ወጡ። በየወፍጮ ቤቱ፣ በየማበጠሪያው ደጃፍ ድምፃቸው ይሰማል፤ «አጥፋ አንተ! ሰው ውሃ ጠምቶት ያንተ ሰሊጥ ቢበጠር ምን ሊጠቅም?» አንድ ባለ ማበጠሪያ ሊከራከር ሞክሮ ነበር፤ ሳይጨርስ አጠፋ።

ያን የመሰለ ከሰዓት በኋላ መተማ አይታ አታውቅም። ድምፅ ሁሉ ቆመ። ወፍጮ የለ፣ ማበጠሪያ የለ፣ ወፍ ሲጮኽ ይሰማል። ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ በኒም ዛፎቹ ሥር ተኝቷል፤ ገሚሱ ዳማ ይጫወታል። ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ የጎጃሞቹ ልጆች ዋሽንት አወጡ። ጉምሩክ የተሰለፉት ሹፌሮች ሳይቀሩ ወርደው አብረው ተቀመጡ። ሲመሻሽ ሐሰን ደወለ። «ስሚ!» አለና ስልኩን በመስኮት ወደ ውጭ ዘረጋው። አዛን ሰማሁ፣ የሕፃናት ጩኸት ሰማሁ፣ ቀጥሎ ቧንቧ ባልዲ ላይ ሲወርድ። እትዬ ዘነቡ አጠገቤ ነበሩ፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አኖርኩላቸው። «ውሃ ነው» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በማግሥቱ ከድልድዩ ማዶ የጋላባት ነጋዴዎች ሙሉ ካርቶን ተምር ይዘው በረዶ ቤቱ መጡ፤ እትዬ ዘነቡ በዚያ ሰሞን የተምሩን ታሪክ ያልነገሩት ሰው አልነበረም።

መስከረም ላይ ተራው የኛ ሆነ። ሰሊጡ ደርሶ የአጨዳ ሠራተኛው ከደጋ እየጎረፈ፣ ወባውም አብሮ የተነሣበት ጊዜ ነው። የጤና ጣቢያው አልጋ ሞልቶ በኮሪደሩ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ከነነፋሱ መጣና ወደ አይከል ባለው ቁልቁለት ላይ የመስመሩን ምሰሶ ጣለው። ከጎንደር የሚመጣው መብራት ጠፋ። ጎርፉ መንገዱን ስለቆረጠው ናፍታ ጭኖ የሚመጣ መኪናም የለም፤ የጤና ጣቢያው ጄኔሬተር ያለችውን ጠብታ እየላሰ ነው። ኦክስጅን የሚሰጠው ማሽን፣ የመድኃኒቱ ማቀዝቀዣ፣ ሁሉም በዚያች ጠብታ ላይ ተንጠልጥሏል። ምሰሶውን ማቆም ደግሞ ቀናት ይፈልጋል።

አዲስ አበባና ካርቱም ተነጋገሩ። እስከዚያ ቀን መብራት ከኛ ወደነሱ እንጂ ከነሱ ወደኛ ሄዶ አያውቅም። በስብሰባው ላይ በሥዕል ተምረነዋል፤ በእጃችን ግን ሠርተነው አናውቅም። በማግሥቱ ሁለቱም ወገን ተስማሙ፤ ከገዳሪፍ ይላክልን ተባለ። እኔ የወሊድ ዕረፍት ወጥቼ እቤቴ ነኝ። ጋሽ ባዬ ራሱ መጣና ደጃፌ ላይ ቆመ።

«ታንጉት፣ እዚህ ድረስ ልመጣብሽ አይገባም ነበር። ሐሰንን እንዳንቺ የሚግባባው የለም። አንዲት ቃል ብንሳሳት ቁልቁለቱ ላይ ምሰሶ ላይ የወጡ ልጆች አሉ።»

ደሴ አየኝ፣ አየሁት። «አብሬያት እሄዳለሁ» አለ።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወደ ጎንደር የሚወስደውን በር፣ ማለት የመስመሩን መቁረጫ፣ መዝጋት፤ ይህ ካልሆነ የሚጠግኑት ልጆች ይቃጠላሉ። ከዚያ ከተማውን በሙሉ ከመስመሩ መነጠል። ከገዳሪፍ ባዶው መስመር ቀስ ተብሎ ይሞላል። ሲረጋ መጀመሪያ ጤና ጣቢያውን፣ ቀጥሎ የውሃውን ፓምፕ፣ ከዚያ ሌላውን በየተራ ማስገባት። ሁሉም ባንዴ ከጎተተ ገዳሪፍም ይጨልማል። ስለዚህ ባጃጆቹ በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ይዘው በየመንደሩ ዞሩ፤ «ማብሪያችሁን አጥፉ! ጤና ጣቢያው ይቅደም! አጥፉ!» ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ፊት ተቀመጥኩ። ጋሽ ባዬ እጁን ማገናኛው ላይ አድርጎ ቃሌን ይጠብቃል።

«የጎንደሩ በር ተዘግቷል?» አለ ሐሰን።

«ተዘግቷል። ተቆልፏል። ጋሽ ባዬ በዓይኑ አይቷል።»

«እሺ። ቢስሚላህ። ሹወያ ሹወያ።» ቀስ በቀስ ማለቱ ነው።

የቮልቴጅ መለኪያው መርፌ ተነሣ። ያኔ ወገቤን የሆነ ነገር ጨመቀኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሲያስቸግረኝ የነበረ ነው፤ የደከመኝ መስሎኝ ነበር። ጥርሴን ነከስኩ።

«ያ ኡኽቲ፣ ምን ድምፅ ነው?»

«ምንም። መስመሩ ነው የሚጮኸው።»

«ይሄ የመስመር ድምፅ አይደለም። እኔ የብዙ ልጆች አባት ነኝ! ሚስቴ አሚና እንዲህ ስትል አዋላጅ ነው የምጠራው። ላቁም?»

ዞሬ ደሴን አየሁት፤ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ፊቱ ወረቀት መስሏል። ዓመታት የጠበቅነው ልጅ ነው። ጤና ጣቢያው ናፍታ ለመቆጠብ መብራቱን አጥፍቶ ጨለማ ነው። በዚህ ዕድሜዬ፣ በመጀመሪያ ልጄ፣ በጨለማ።

«ሐሰን፣ ስማኝ! ካቆምክ በጨለማ ነው የምወልደው። ላክ!»

ያ ወፍራም ድምፁ እንደ ወንድም ሆነ። «እልካለሁ። አንቺ ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ።»

ነገርኩት። ሲጨምቀኝ ዝም እላለሁ፣ ሲለቀኝ እነግረዋለሁ። ሲያቅተኝ «ቶሎ በል እንጂ!» አልኩት።

«ቮልቴጅ አይቸኮልም፣ ያ ኡኽቲ። ልጅም እንደዚያው።»

በምጥ ውስጥ ሆኜ ሳቅሁ። ጋሽ ባዬም ላብ እየወረደው ሳቀ። መርፌው የሚፈለገው ቦታ ደርሶ ቆመ። «ጤና ጣቢያውን ያስገቡ!» አልኩ። ጋሽ ባዬ ማገናኛውን ገፋው። በመስኮቱ አሻግሬ ሳይ ከጨለመው ከተማ ውስጥ አንድ ረድፍ መብራት ብልጭ አለ፣ ሳይጠፋም ቀጠለ። ከዚያ እልልታው መጣ። ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ከሁሉም ቦታ ነው። ማንም ማብሪያውን አልነካም፤ በጨለማ ቆሞ ስለ ጤና ጣቢያው መብራት እልል የሚል ከተማ አይቼ አላውቅም። የውሃውን ፓምፕ አስገባን። የቀረውን ጋሽ ባዬ «እኔና ሐሰን በእጅም በእግርም እንግባባለን፣ አንቺ ሂጂ!» ብሎ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ።

በባጃጅ ደረስን። ኮሪደሩ ላይ የተኙት የአጨዳ ሠራተኞች ትኩሳታቸውን ይዘው ተነሥተው መንገድ ለቀቁልኝ። አንዱ ጎጃሜ በብርድ ልብሱ እየተንቀጠቀጠ «ማርያም ትቅደምሽ እህት ዓለም፣ ማርያም ትቅደምሽ» እያለ በሩን ከፈተልኝ። ብዙም አልቆየሁም። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ጭንቅላቷ ላይ የሚያንጸባርቅ የኤሌክትሪክ መብራት፣ ከውጭ የታማሚዎቹ እልልታ። እትዬ ዘነቡ ደርሰው ኖሮ ለሴት የሚባለውን እልልታ ጨርሰው የወንዱንም ጨመሩበት፤ «ዛሬ ቁጥር የለም!» አሉ። ደሴ ልጁን ታቅፎ ከእቅፉ አልለቅ አለ። የአጨዳ ሠራተኞቹ ስሟን ገዳሪፍ አሏት። ቄሱ ሌላ ስም ሰጥተዋታል፣ ትምህርት ቤትም በሌላ ስም ነው የተመዘገበችው፤ ግን እስከ ዛሬ ሽንፋ ድረስ ብትሄዱ ገዳሪፍ ካላላችሁ የሚያውቃት የለም። ዘንድሮ ቁመቷ እኔን አልፏል።

የዛሬው ነገር እንደዚያ ጊዜ ቀላል አይደለም። ከድልድዩ ማዶ ክፉ ቀን መጣ፤ እኛም ዘንድ ደህና ነው አልልም። ሐሰንና አሚና ከልጆቻቸው ጋር ጓዛቸውን ተሸክመው ያንኑ ድልድይ ተሻግረው መጡ፤ ከኛ ጋር ግቢያችን ውስጥ ከረሙ። አሚናና እኔ ባንድ ማድቤት ስንት ሳቅ ሳቅን። አሁን ከትልቁ ልጃቸው ጋር ሌላ አገር ናቸው፣ ደህና ናቸው። እሑድ እሑድ ይደውላል፤ «መስመሩ እንዴት አደረ?» ብሎ ይጀምራል። እኔም ጡረታ ደጃፍ ላይ ደርሻለሁ። ነገር ግን ሐሰንን ባሰብኩት ቁጥር የሚመጣብኝ በዚያ በክፉው ቀን የተሻገረው ሐሰን አይደለም፤ መጀመሪያ ያየሁት ነው።

ልጅቱ ክርስትና ከተነሣች በኋላ ነበር። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ሜዳው ገለባ ብቻ ሆኖ፣ የታኅሣሥ ነፋስ ቀዝቀዝ ያደርጋል። «ድልድዩ ላይ እንገናኝ» ተባባልን። በቀጠሮው ሰዓት ላለመጣላት «አስር ላይ» አልን። የብርቱካን ቀለም ያለው ቶብ ለበስኩ፣ ልጄን ታቀፍኩ፣ ደሴም አዲስ ሸሚዝ አደረገ። ያንን ዋርካ የሚያህል ሰው ከሕዝቡ መሀል እየፈለግሁ ሳለ አንድ ቀጭን አጭር ሰው፣ ትልቅ ነጭ ጥምጥም ያደረገ፣ ከፊቴ መጥቶ ቆመ። አላየሁትም፤ በላዩ አሻግሬ እያየሁ ነው። አፉን ሲከፍት ያ ከጉድጓድ የሚወጣ ድምፅ ወጣ፤ «ያ ኡኽቲ!»

ክው ብዬ ቀረሁ። እሱም አፉን ይዞ አየኝ። «በስልክ ቀጭን ነበርሽ» አለ። አሚና ከጀርባው ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። መሳሳም፣ ማልቀስ፣ እንደገና መሳሳም ሆነ። ኬላ ጠባቂዎቹ የሁለቱም ወገን ምን እንደሆነ ጠይቀው ሲነገራቸው ሰው መፈተሹን ትተው መጥተው ቆሙ። ሐሰን እጁን ዘረጋና ልጄን ተቀበለኝ። በስስት አያት፣ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አንሾካሾከ። እሷ ዓይኗን ገለጠች፣ ያንን ጥምጥም አየች፣ ከዚያ ጮኸች። እንዴት ያለ ጩኸት! ጉምሩክ የተሰለፉት ሹፌሮች ዞሩ፣ አንድ አህያ ደነገጠ፣ ከጋላባት በኩልም ሰው አንገቱን አወጣ። ሐሰን እንደ ጋለ ብረት ሁለት እጁን ዘርግቶ መለሰልኝና በሚያምር አማርኛ እንዲህ አለ፤

«እህቴ፣ ይሄን ሁሉ ኃይል እኛ አልላክንም!»